በፍሬም ሪሌይ ቃላት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የተራራቁ ቢሮዎችን በአገልግሎት አቅራቢ መረብ የሚያገናኘው ፍሬም ሪሌይ ራሱ ከገበያ ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ ቃላቱ ግን አልወጡም። ሲአይአር (አቅራቢው ቃል የሚገባው አማካይ ፍጥነት) ዛሬም በሜትሮ ኢተርኔት፣ ማለትም በከተማ የኢተርኔት አገልግሎት፣ ውሎች ላይ ይጻፋል። በአንድ መስመር ላይ ብቻ የሚሠራ መለያ ቁጥርም በኤምፒኤልኤስ (ፓኬቶችን በመለያ ቁጥር በሚመራው ዘዴ) ውስጥ «ሌብል» ተብሎ ቀጥሏል። ስለዚህ ጀማሪዎች እነዚህን ቃላት ሲያጠኑ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አህጽሮቱን ሸምድደው፣ ቃሉ ከማን እስከ ማን እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ማለፋቸው ነው።

«ዲኤልሲአይ የቅርንጫፉ አድራሻ ነው»

አይደለም! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። ዲኤልሲአይ ፍሬሙ (የዳታው ጥቅል) በየትኛው ግንኙነት እንደሚሄድ የሚለይ ቁጥር ነው፤ የሚሠራውም በእናንተ ራውተርና በአቅራቢው የመጀመሪያ ስዊች መካከል ብቻ ነው። ፍሬሙ በአቅራቢው መረብ ውስጥ ሲያልፍ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ከዋናው ቢሮ 102 ሆኖ የወጣው ቅርንጫፉ ጋ 201 ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ቅርንጫፎች በየበኩላቸው 100ን ቢይዙም አይጋጩም።

አንድ ትጉህ ወጣት ቴክኒሻን ግን ሁለቱ ቅርንጫፎች 100 መያዛቸውን አየና «ተጋጭተዋል» ብሎ የአንዱን ራውተር ወደ 103 ቀየረው። ደህና ይሠራ የነበረው መስመር ጠፋ። ገመድ ተነቀለ፣ ተሰካ፣ ሞደም ተቀየረ፣ አቅራቢው ጋ ተደወለ። መልሱ እኮ ራውተሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የፒቪሲው (ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ቋሚ ምናባዊ መስመር) ሁኔታ «ዲሊትድ» ይላል። ስዊቹ 103 የሚባል ቁጥር አያውቅም ማለት ነው። «ኢንአክቲቭ» ቢል ኖሮ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ችግሩ ከማዶ ነው ማለት ይሆን ነበር። እነዚህን ሁለት ቃላት የለየ ሰው የትኛውን ጫፍ መመርመር እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

«ፕሮቶኮሉ አፕ ነው፤ ስለዚህ ተገናኝተናል»

ከማን ጋር? «አፕ» የሚያሰኘው ኤልኤምአይ ነው፤ እሱ ደግሞ የራውተሩና የስዊቹ ንግግር ነው፤ በተለመደው አሠራር ራውተሩ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ስዊቹ ይመልሳል። ስለ ማዶው ራውተር የሚነግራችሁ የፒቪሲው ሁኔታ ነው። በዚሁ ምክንያት የአንዱ ጫፍ ኤልኤምአይ ዓይነት የሲስኮ፣ የሌላው የአንሲ (የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ተቋም) ቢሆን ምንም አይደለም። ሁለቱ ጫፎች መስማማት ያለባቸው በኢንካፕሱሌሽን (ዳታው በፍሬም በሚታሸግበት መንገድ) ነው፤ ማዶ ያለው ራውተር የሲስኮ ካልሆነ አይኢቲኤፍ የተባለውን የጋራ ደረጃ ምረጡ።

«ሲአይአሩ 64 ስለሆነ መስመሩ በ64 ይሄዳል»

ይህኛው እንኳ የሚያሳስት ነውና አልፈርድባቸውም። የመስመሩ ፍጥነት በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከሆነ እያንዳንዱ ቢት የሚወጣው ሁልጊዜ በዚያው ፍጥነት ነው። ሲአይአር አቅራቢው በአንድ ፒቪሲ ላይ በአማካይ ለማድረስ የገባው ቃል ነው። ቢሲ (በአንድ የመለኪያ ጊዜ የሚፈቀደው መጠን) 8,000 ቢት ከሆነና ሲአይአሩ 64,000 ከሆነ፣ 8,000ን ለ64,000 ስታካፍሉ የመለኪያው ጊዜ 125 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ትራፊኩን በሲአይአር ልክ የሚገድብ ራውተር 8,000ውን ቢት በ62.5 ሚሊሰከንድ ልኮ ይጨርስና የቀረውን ግማሽ ይጠብቃል። ድምፅ የምታስተላልፉ ከሆነ ያቺ ዝምታ ትሰማለች፤ ቢሲን መቀነስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከሲአይአር በላይ የተላከው ደግሞ የዲኢ («መጣል ይቻላል») ምልክት ይደረግበትና መጨናነቅ ሲመጣ ቀድሞ ይጣላል።

«ቤክን ከመጣ መረቡ ራሱ ያረጋጋዋል»

ቤክን መጨናነቅ መኖሩን ለላኪው የሚነግር ምልክት ነው፤ ስዊቹ ያስታውቃል እንጂ ላኪውን አያዘገይም፤ ራውተራችሁ እንዲቀንስ ካላዘዛችሁት በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል።

«የተበላሸ ፍሬም እንደገና ይላካል»

ከፍሬም ሪሌይ በፊት የነበረው ኤክስ ነጥብ 25 በየመስመሩ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ፍሬም ሪሌይ የተነደፈው ስህተት ለሚያንስባቸው ዲጂታል መስመሮች በመሆኑ ይህን ሥራ ትቶታል፤ የስህተት መፈተሻው ቁጥር፣ ኤፍሲኤስ፣ ካልገጠመ ፍሬሙን ዝም ብሎ ይጥለዋል። መልሶ መላክ የጫፎቹ፣ ለምሳሌ የቲሲፒ፣ ሥራ ነው። ስለዚህ ፋይል ሲጓተት የስዊቹን «መልሶ መላኪያ» አትፈልጉ፤ በሁለቱም ጫፍ የተጣሉ ፍሬሞችን ቁጥር አንብቡ።