ደሴ መናኸሪያ አጠገብ አድረን እንዴት እንቅልፍ እንዳገኘን

እናቴን ይዤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ በሚነሳ አውቶቡስ ልንሄድ ስለነበር ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ሆቴል ያዝን። ቅርበቱን የፈለግኩት ለእሷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው በዚህች ዳገታም ከተማ በጨለማ ላስኬዳት አልፈለግኩም።

ክፍሉ ግን ፊቱ ወደ መንገድ ነበር። ጥሩንባው፣ የረዳቶቹ «ወልዲያ! ኮምቦልቻ!» የሚል ጥሪ፣ የሞተሩ ጉርምርምታ ሁሉ እላያችን ላይ ነው። ብዙ ሰው «ፎቅ ውጣ» ይላል፤ እኔ አልስማማም። መስኮቱ መንገድ የሚያይ ከሆነ ድምፁ እዚያም ይከተላል፣ ለጉልበት በሽተኛ ደግሞ ደረጃው ሌላ ጣጣ ነው።

እንግዳ ተቀባይዋን «እህቴ፣ ምድር ቤት በጓሮ በኩል ክፍል ይኖራል?» አልኳት። «አለ፣ ግን ይበርዳል» አለችኝ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ አስጨምሬ ተዛወርን። ሕንፃው ራሱ ድምፁን ጋረደልን። የቀረው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ይገባ ስለነበር ፎጣ ጠቅልዬ ደፈንኩት፤ ብርዱም አብሮ ቀነሰ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሂሳቡን ማታውኑ ከፈልኩ፤ ሌሊት ስንነሳ ተቀባይ ፍለጋ መንከራተት አውቶቡስ ያስመልጣል። ዘበኛውንም «ጋሼ፣ 10 ሰዓት ላይ ይቀስቅሱን፣ በሩንም ይክፈቱልን» ብዬ አደራ አልኳቸው። እማዬ እሳቸው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ አልነቃችም።