ቦይለር ተነቅሎ ሲመለስ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ግድግዳ ለማደስ ወይም ቤት ለመቀየር ሲባል የተነቀለ አሮጌ ቦይለር ሲመለስ ቀድሞ ያልነበረ ችግር ያሳያል። ባለቤቶች ጥፋቱን በዕቃው እርጅና ላይ ቢያሳብቡም፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የአነቃቀሉና የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል ነው።

ሲነቀል ውሃው አልወርድ ካለ፦ ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞና የቀዝቃዛው መስመር ተዘግቶ ሳለ ካልወረደ፣ አየር መግቢያ አጥቷል። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ የሴፍቲ ቫልቩን (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣውን ቫልቭ) ማንሻ ማንሳት ይበቃል።

ከተመለሰ በኋላ ጨርሶ ካልሞቀ፦ በመጀመሪያ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው የመከላከያ ቁልፍ ዘሎ እንደሆነ ይታይ። ካልሆነ ግን ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ክፍል) ያለ ውሃ በርቶ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩ ጠፍቶ ሽቦዎቹ ከተነቀሉ በኋላ በሙልቲሜትር ሲለካ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ 32 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ ተቋርጦ ከተገኘ ሬዚስታንሱ ይቀየራል። ይህ ጉዳት በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የደሴ ሰፈሮች ሊያጋጥም ይችላል። ሴፍቲ ቫልቩ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ጭምር የሚከለክል በመሆኑ፣ ገጣሚው «ያንጠባጥባል» ብሎ አውጥቶ ከጣለው፣ ውሃ በጠፋ ቀን የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሲከፈት በርሜሉ ወደ መስመሩ ይገለበጥና ሬዚስታንሱ በባዶው ይግላል። ማንጠባጠቡ ራሱ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም፤ 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.8 ሊትር ያህል ስለሚጨምር ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። ሳይሞቅም ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ አለዚያም ቫልቩ አርጅቷል። በምንም ሁኔታ ቀዳዳው አይደፈን።

ለአፍታ ሞቆ ወዲያው ለብ ካለ፦ ሁለቱ መስመሮች ተቀያይረዋል። ቀዝቃዛው ሰማያዊ ምልክት ባለው፣ ሙቁ ቀይ ምልክት ባለው በኩል ይግጠም።

ከሬዚስታንሱ ሥር ካፈሰሰ፦ አሮጌው ጎሚኒ ተመልሶ ገብቷል። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ጎሚኒ ዳግመኛ በደንብ አይዘጋምና በአዲስ ይተካ፤ ብሎኖቹም በተራ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ ይጠበቁ። ክፍሉ ተከፍቶ ሳለ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ ማራገፍና በርሜሉን ከዝገት የሚከላከለውን፣ ያለቀውን የማግኒዥየም ዘንግ መቀየር ብልህነት ነው።

ከግድግዳው ከተላቀቀ፦ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃ ሲሞላ 70 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የጭቃ ግድግዳ ላይ የተመታ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) አይሸከመውም። ግድግዳውን አልፎ ከጀርባው በላሜራ የሚታሰር ብሎን ወይም ወለል ላይ የሚቆም የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል።

ቧንቧው እጅ ከነዘረ፦ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቋል፣ አለዚያም ሽቦ አካሉን ነክቷል። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ካልታሰረ ደግሞ አደጋው ገዳይ ነው። ብሬከሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መርምሮ ኧርዙን እስኪያስር ድረስም በዚያ ቦይለር ማንም አይታጠብ።