የሪሞት መኪና በደሴ ዳገት፦ ሞተርና ባትሪ የሚበሉ ስህተቶች

የሪሞት መኪና የሚያመርቱ ሰዎች ደሴን አስበው አልሠሩትም። መመሪያው የተጻፈው መሬቱ ሜዳ ለሆነለት፣ መብራት ለማይጠፋበትና የተሰበረ ዕቃ በሁለተኛው ቀን በር ድረስ ለሚመጣለት ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሦስቱም አይገኙም። ሌላ አገር አንድ ምሽት የሚያበላሽ ጥፋት እዚህ መኪናውን ለወራት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። እነዚህን ስህተቶች የመረጥኳቸው በዚሁ ሚዛን ነው፤ የሚያስወጡት ብር ብቻ ሳይሆን የሚያስጠብቁት ጊዜም ታይቶ።

መለዋወጫ የሌለውን መኪና መግዛት

መጫወቻ ተብሎ የሚሸጠውና ለሆቢ የተሠራው መኪና በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሆዳቸው ሲከፈት ነው። መጫወቻው ውስጥ ምልክት ተቀባዩም፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውም፣ መሪውን የሚያዞረውም ክፍል አንድ ቦርድ ላይ ተጣብቀዋል፤ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይጣላል። በሆቢ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ፣ ኢኤስሲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮና ሞተሩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይፈታሉ።

ስለዚህ ፍጥነቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ለዚያ ሞዴል ጎማውን የሚይዘው የፊት ክንድ፣ የሞተሩን ዙር የሚቀበለው ትልቁ ጥርስና ኩሽኔታ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ አረጋግጡ። የታሚያ ኩባንያ ግራስሆፐር እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥታ በ2005 እንደገና ለገበያ ቀርባለች፤ እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ሞዴል መለዋወጫው ቶሎ አይጠፋም። ከመኪናው ጋር አብራችሁ ልታስመጡ የሚገባው ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አይደለም። ሁለት የፊት ክንድ፣ አንድ ትልቅ ጥርስ፣ ልካቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ትናንሽ የሞተር ጥርሶችና አንድ ሙሉ የኩሽኔታ ስብስብ ይበቃል።

ዕቃው የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከጅዳ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባ ሻንጣ አይላክም። ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። መጠኑ አያስቸግርም፤ በአየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን 7.4 ቮልት 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 37 ብቻ ነው። ዘመድ ይህን ሳያውቅ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከከተተው ግን ባትሪው አውሮፕላን ማረፊያ ይቀራል።

የሜዳ ጥርስ ይዞ ዳገት መውጣት

ደሴ ላይ ከምንም በላይ ሞተር የሚገድለው ይህ ነው፤ ለዚህም ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ጥርሱ የሚመረጥለት በሜዳ ላይ ፈጥኖ እንዲሮጥ ነው። ትልቁ ጥርስ 54፣ ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ 18 ብትሆን ሞተሩ 3 ጊዜ ሲዞር ትልቁ ጥርስ 1 ጊዜ ይዞራል። ይህንን መኪና ከፒያሳ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ስታወጡት ሞተሩ የሚፈልገውን ዙር ሳያገኝ ያቃስታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ዙሩ ወርዶ ጭነት ሲበዛበት ከባትሪው የሚስበው አምፔር ይጨምራል፤ ትርፉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሐረጎን የሚወጣ ባለ ተሳቢ በከባድ ማርሽ እንጂ በፈጣኑ አይሞክረውም። የኛ መኪና ግን ማርሽ መቀየሪያ ስለሌለው እኛ በእጃችን ነው የምንቀይርለት። ትንሿን ጥርስ ከ18 ወደ 15 ብታወርዱ ሬሾው 3.6 ይሆናል። በሜዳ የነበረው ከፍተኛ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን በአንድ አምስተኛ ያድጋል።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ ላይ የተገጠመችው ትንሽ ፋን ስትሽከረከር የምትገፋው አየር የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሟም ይቀንሳል። «ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነ አይግልም» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው መኪናው ዳገት ላይ ሲደክምበት የሚወስደው መፍትሔ ነገሩን ያባብሰዋል፦ ባለ ሁለት ሴሉን ባትሪ አውጥቶ ባለ ሦስት ሴል ያስገባል። 3,300 ኬቪ የሆነ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 3,300 ጊዜ የሚዞር) ብራሽለስ፣ ማለትም ካርቦን የሌለው ሞተር በ7.4 ቮልት ያለ ጭነት በደቂቃ 24,400 ያህል ይዞራል፤ በ11.1 ቮልት 36,600 ይደርሳል። ጥርሱ ካልተቀየረ ይህ ሁሉ ተጨማሪ ፍላጎት ኢኤስሲው ላይ ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚጨሰውም እሱ ነው። መጀመሪያ ጥርስ ይቀየራል፣ ቮልት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ቮልት መጨመሩን ከነአካቴው ተዉት።

ልኩን የምታውቁት በመለካት ነው። አምስት ደቂቃ ነድታችሁ አቁሙና የሞተሩን ሙቀት እዩ፤ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከደረሰ ጥርሷ ገና ትልቅ ነች። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባር ይለካበት ከነበረው መሣሪያ አንዱ እቤታችሁ ካለ እዩት፤ ብዙዎቹ ከሰው ገላ ሌላ የዕቃ ገጽ የሚለኩበት ምርጫ አላቸው። ከሌለ ጣት ይበቃል፤ ሞተሩ ላይ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ማሳረፍ ካቃታችሁ መንዳት የለም። መኪናው ድንጋይ መሐል ሲቀረቀርም ሪሞቱን እየተጫናችሁ አታስጨንቁት። ያልዞረ ሞተር የሚስበው አምፔር ከሁሉም የበለጠ ነው፤ በእግር ሄዶ ማንሳት ይሻላል።

ኮምቦልቻ ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ መሬቷም ይሰፋል፤ እዚያ 18ቷን ጥርስ መልሶ መግጠም ይቻላል። ፀሐይዋ ስለምትበረታ ግን ሙቀቱን እንደገና ለኩ።

በነገራችን ላይ፣ ለደሴ የሚስማማ ዓይነት ምረጥ ብባል ክራውለር ነው የምለው። ቀስ ብሎ ድንጋይ የሚወጣ፣ ጎማው ለስላሳ፣ ሬሾው ከባድ የሆነ መኪና ነው። ፍጥነት ለሚወድ ልጅ መጀመሪያ ያሰለቸዋል፤ የጦሳን ሥር ድንጋይ አንዴ ከወጣበት በኋላ ግን አይለቀውም።

መብራት ይጠፋል ብሎ ሊፖን ሞልቶ ማስቀመጥ

ሐሳቡ ይገባኛል፤ ቅዳሜ ለመንዳት ሐሙስ መሙላት። ግን ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ያረጃል፣ ኋላም ያብጣል። አንድ ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ ለማስቀመጥ የሚመቸው 3.8 ገደማ ነው። ጥሩ ቻርጀሮች ለዚህ የተለየ ምርጫ አላቸው። መብራቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በዲሲ ከ11 እስከ 18 ቮልት የሚቀበል ቻርጀር ግዙና በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ አሠሩት። እዚህ ላይ የሚሠራው ጥፋት ቻርጀሩን ዘልሎ ሊፖውን ከመኪናው ባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነው። ያ እሳት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የሚሞላበት አምፔርም አይገመትም። 1,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ለሆነ ባትሪ 1.5 አምፔር፣ 5,000 ለሆነው 5 አምፔር ነው፤ አምራቹ ከዚህ በላይ ቢፈቅድም ለመቸኮል ምክንያት የላችሁም። ከባትሪው የምትወጣውን ትንሿን ነጭ ሶኬት ሳትሰኩ አትሙሉ፤ ቻርጀሩ እያንዳንዱን ሴል ለይቶ የሚያየው በሷ በኩል ነው። ሲሞላ ሲሚንቶ ላይ ወይም ሸክላ ውስጥ አድርጉት፤ ምንጣፍና መጋረጃ ይራቀው፤ ሰው ከቤት አይውጣ።

ኢኤስሲው ባትሪውን በጊዜ እንዲያቋርጥ የሊፖ ምርጫው ላይ መሆኑንም እዩ። ለኒኬል ባትሪ ተስተካክሎ የቀረ ኢኤስሲ ሊፖውን በሴል ከ3 ቮልት በታች እስኪወርድ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ ራሱ አይቀበለውም። በደሴ ጠዋት መኪናው ጉልበት አጥቶ ቶሎ ከቆረጠ ባትሪው ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ሊፖ ሲበርደው ይደክማል። ከጃኬት ውስጥ ትንሽ ይቆይና ሞክሩት። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ አትተዉት።

ብየዳውን ለማንም መስጠት

የባትሪው ሶኬት ከኢኤስሲው ሶኬት ጋር ካልገጠመ መቀየር የግድ ነው። የሞባይል ጠጋኝ እጁ ሸጋ ቢሆንም መበየጃው ለቀጭን ሥራ ነው፤ ወፍራሙን ሽቦ ሳያሞቀው ስታኞው ላይ ላዩን ይቀመጣል። በመጀመሪያው ዳገት ይለቃል። ቢያንስ 60 ዋት የሆነ መበየጃ ያስፈልጋል። የራዲያተር በያጅ ጋር ከሄዳችሁ ሙቀቱ ሞልቷል፣ ግን የሚጠቀመው አሲድ ሽቦውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ለኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚሆነውን ሙጫ (ፍላክስ) ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ በፒንሳ መቁረጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፒንሳው ብረት ስለሆነ ቀዩንና ጥቁሩን ያገናኛቸዋል። አንዱን ቁረጡ፣ በይዱ፣ ሸፍኑ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ቀይና ጥቁር ተገላብጦ የተሰካ ኢኤስሲ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም፤ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር እዩ።

ብሎን፣ ጥርስና ዘይት

የጃፓን ተገጣጣሚ ኪቶች ላይ ያለው የመስቀል ብሎን ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ጂአይኤስ በሚባለው የጃፓን ልክ የተሠራ ነው። በግድ ስትጫኑት አናቱ ይላላጣል። ሌሎቹ መኪኖች ላይ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን (አለን) ቁልፍ ይበቃችኋል፤ ጫፉ የተበላውን ግን ጣሉት። ፕላስቲክ ውስጥ ብሎን ስትመልሱ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ወደ ድሮው መስመሩ ሲገባ «ጠቅ» ይላል፤ ከዚያ አጥብቁ። እንዲህ ካላደረጋችሁ በየፍቺው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ብረት ከብረት የሚገጥምበት ላይ፣ በተለይ ሞተሩን የሚይዙት ብሎኖች ላይ፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርጉ። ፕላስቲክ ላይ አይነካ፤ ያሰነጥቀዋል።

በሁለቱ ጥርሶች መሐል የሚተወው ክፍተት የአንድ ወረቀት ያህል ነው። ቁራጭ ወረቀት በመሐላቸው አስገቡ፣ ሞተሩን አስጠግታችሁ አጥብቁ፣ ወረቀቱን አዙራችሁ አውጡ። ከተጠጋጉ ሞተሩ ያለ ሥራ ይግላል፤ ከተራራቁ ትልቁ ጥርስ ይላጫል። የሚጮኽ መኪና ሲያጋጥማችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። በውጭ ባለው ጥርስ ላይ ግራሶ የሚቀባ ሰው አለ፤ የገራዶን አቧራ ሰብስቦ ሞረድ ያደርገዋል። ደረቁን ተዉት።

አሞርዛተር ውስጥ የሚገባው የሲሊኮን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት የጎማ ቀለበቶቹን ያሳብጣል፤ የምግብ ዘይት ከቆየ ይወፍራል። ከሞላችሁ በኋላ ፒስተኑን ቀስ እያላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉና አረፋው እስኪወጣ ጠብቁ። ለኩሽኔታ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ልብስ ሰፊ ጋ ያለው የስፌት ማሽን ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል።

ሪሞቱና ሰርቮው

ሲጀመር ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ሲያበቃ መኪናው ቀድሞ ይጠፋል። ምልክት ሲቋረጥ መኪናው እንዲቆም ፌልሴፉን አስተካክሉ። ቁልቁለት በሞላበት ከተማ ባጃጅና ሕፃን ባለበት ጎዳና ላይ ከ3 ኪሎ በላይ የሆነ መኪና ሳይታዘዝ ሲወርድ ሰው ይሰብራል። ለነገሩ ጎዳና ላይ መንዳት ራሱ ስህተት ነው።

የሰርቮውን ክንድ ከማሰራችሁ በፊት ሪሞቱን አብርታችሁ ሰርቮው መሐል ላይ ይቁም። ጥርሱም ይለያያል፤ ባለ 25፣ ባለ 24ና ባለ 23 አለ። አይመሳሰሉም፣ በመዶሻም አይገቡም።

ክረምትና ላቫጆ

«ውኃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሮኒክሱ ነው እንጂ ስለ ኩሽኔታው አይደለም። የክረምት ጭቃ ውስጥ ከነዳችሁ በኋላ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ማሳጠብ ጭቃውን ወደ ኩሽኔታው ይገፋዋል። በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉ፣ ጎማዎቹን አውልቃችሁ አድርቁ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ። ካርቦን ያለው ሞተር ውኃ ውስጥ ከሮጠ ካርቦኑ ቶሎ ያልቃል፤ የቦርከናን ዳር የምትወዱ ይህን አስቡ።

የነዳጅ መኪና

ድምፁ ያምራል። ግን ናይትሮ የሚባለው ሞተር የሚሠራው ዘይት በተቀላቀለበት የሜታኖልና የናይትሮሜቴን ነዳጅ ነው፤ ሻማው ግሎ የሚቆየው በሜታኖሉ ስለሆነ ቤንዚን አይተካውም። ነዳጁ ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣ አይመጣም። ቢገኝ እንኳ በደሴ የሳሳ አየር ካርቡራተሩን እንደገና ማስተካከል አለባችሁ። ለጀማሪ አልመክርም።

ቀለም

ስስና ግልጽ የሆነው ፖሊካርቦኔት ቦዲ የሚቀባው በውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ የተቀባ በመጀመሪያው ግልበጣ ይፋቃል። የጋራዥ ስፕሬይ አይሆንም፣ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል፤ ለፖሊካርቦኔት የተሠራውን ፈልጉ። በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ጥቁሩ ይቅደም፣ ፈዛዛው ከኋላው ይግባ፤ ስስ ስስ ተደርጎ በየመሐሉ እየደረቀ ይቀባ። በውጭ በኩል ያለችውን መከላከያ ላስቲክ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትላጧት።