እንጉዳዩ ለምን እምቢ አለ? ለደብረ ብርሃን ደጋ የጉድጓድና የላስቲክ ቤት ችግርና መፍትሄ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ጾመኛው እንጉዳይ የሚፈልገው ያኔ ነው። ውርጩም የሚጠናው ያኔ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ሜዳውን አመዳይ ያለብሰዋል። በኤሌክትሪክ ላሙቅ ካላችሁ ቆጣሪው ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ሰው ወይ መሬት ይቆፍራል፣ ወይ ላስቲክ ቤት ይሠራል።

ሁለቱም ያዋጣሉ። ችግር ሲመጣ ግን ሁሉም ዘሩን ይወቅሳል። እኔ የምለው፣ ዘር ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቤቱን መርምሩት። ከዚህ በታች የጻፍኩት በጭድ ላይ ስለሚበቅለው ኦይስተር እንጉዳይ ነው። ጭዱ ተቀቅሎ ከዘሩ ጋር ከረጢት ውስጥ ይገባል። ድር የምለው ከዘሩ ወጥቶ ጭዱን የሚያለብሰውን ነጭ ክር ነው፤ ፍሬ የምለው ደግሞ የሚለቀመውን እንጉዳይ ነው።

ነጩ ድር አይሮጥም

ዘሩ ከተዘራ ሦስት ሳምንት አልፏል። ጭዱ ግን ገና ግማሹ እንደ ቢጫ ነው። ሻጋታ የለም፣ መጥፎ ሽታም የለም። ይሄ ብርድ ነው።

መሬት ውስጥ ሁለት ሜትር ሲወረድ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ይጠፋል። ሙቀቱም ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል። በደብረ ብርሃን ያ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ነው። ድሩ ለመሮጥ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይፈልጋል። ፍሬ ለማውጣት ግን ግራጫው የብርድ ዝርያ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ጉድጓዱ ለፍሬ ግሩም ቤት ነው። ለዘር መሮጫ ግን አይሆንም።

መፍትሄው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ድሩ ላስቲክ ቤት ውስጥ ይሩጥ፣ ፍሬው ጉድጓድ ውስጥ ይውጣ። ላስቲክ ግን ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት አይዝም። ስለዚህ ጀሪካኖችን ጥቁር ቀብታችሁ ውሃ ሙሏቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ በኩል ደርድሯቸው። 20 ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 0.23 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል። አስር ጀሪካን ካላችሁ፣ የ1,000 ዋት ማሞቂያ ከሁለት ሰዓት በላይ በርቶ የሚሰጠውን በነፃ አገኛችሁ። ማታ ላስቲኩን በሰሌን ወይም በገለባ ሸፍኑት። ከረጢቶቹን ደግሞ ከቀጥታ ፀሐይ ጋርዷቸው። የደጋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ድሩን ቀቅሎ ይገድለዋል።

ጉድጓዱ ውስጥ ከሰል እንዳታነዱ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ጭሱ ቢጠፋም ገዳዩ ጋዝ አይጠፋም፤ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ሸዋ ሮቢት ላሉት ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ጉድጓድ የሚቆፈረው ለማቀዝቀዝ ነው፤ ሙቀት የሚችለውን ሮዝ ዝርያ ቢይዙ ይሻላል። ለደጋ ሰው ግን ሮዙ አይሆንም፣ ብርድ ይገድለዋል። ዘር ስትገዙ ዝርያውን ጠይቁ።

አገዳው ረዘመ፣ ቆቡ ትንሽ ሆነ

በጉድጓድ ቤት ውስጥ በብዛት የሚታየው ችግር ይሄ ነው። ፍሬው ይወጣል፤ ግን አገዳው ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ቆቡ እንደ ቁልፍ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ገበያ ላይ ማንም አይገዛውም።

ምክንያቱ የታፈነ አየር ነው። እንጉዳይ እንደኛ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ውጭ ባለው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው። ኦይስተር ቆቡ እንዲሰፋ ከ1,000 ባይበልጥ ይመረጣል። በሩ የተዘጋ ጉድጓድ ይሄን በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። ጨለማም ተመሳሳይ መልክ ያመጣል። ለመለየት በሩን ሌሊት ከፍታችሁ እደሩ፣ ጥቂት ቀን ድገሙት። አዲሱ እምቡጥ ቆቡን ካሰፋ ችግሩ አየር ነበር። ለብርሃኑ ደግሞ ቀን ላይ ጋዜጣ የሚያስነብብ ያህል ካለ በቂ ነው።

መፍትሄው ሁለት ቱቦ ነው። አንዱ ንጹሕ አየር ይዞ ወለሉ አጠገብ ይገባል። ሌላው ከጣሪያው ተነስቶ እንደ ጭስ ማውጫ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሌሊት ጉድጓዱ ከውጭ ስለሚሞቅ አየሩ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ችግሩ ቀን ነው። ቀን ጉድጓዱ ከውጭ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ለዚህ ነው የመውጫውን ቱቦ ጥቁር መቀባት የሚያስፈልገው። ፀሐይ ስታሞቀው ውስጡ ያለው አየር ይነሳና የታችኛውን ይስባል። መብራት አይፈልግም፣ አይበላሽም።

መግቢያውን ቱቦ በቀጥታ አታስገቡት። ጥቂት ሜትር መሬት ውስጥ ቀብራችሁ አሳልፉት። የታኅሣሥ ሌሊት አየር በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ለዘብ ይላል፤ እምቡጡም በውርጭ አይመታም።

አንድ ነገር ስለ ራሳችሁ። የእህል ጉድጓድ ሰው እንደሚገድል አባቶቻችን ያውቁታል። የእንጉዳይ ጉድጓድም ያው ነው። ተዘግቶ ከከረመ መጀመሪያ ክፈቱት፣ አየር ይግባበት። የኩራዝ ነበልባል ከደከመ አትግቡ። ባይደክምም ብቻችሁን አትግቡ።

ጠርዙ ደረቀ፣ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ያዘው

ደርቆ የተሰነጠቀ ቆብ እርጥበት አጥቷል ማለት ነው። አየሩ ከ80 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። ወለሉንና ግድግዳውን አርጥቡ፤ ነፋስ ቀጥታ የሚመታ ከሆነ መግቢያው ላይ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ።

ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ በተቃራኒው ውሃ ቆቡ ላይ ስለሚያድር ነው፤ ባክቴሪያ ነው። ላስቲክ ቤት ውስጥ በብዛት የሚመጣው ጤዛው ከጣሪያው ስለሚንጠባጠብ ነው። ጣሪያውን በቅስት ሥሩት፣ ጠብታው በጎን ይውረድ። ውሃ የምትረጩት ጠዋት ይሁን፤ እስከ ማታ ይድረቅ።

አረንጓዴ ሻጋታ

ይሄ የቤቱ ሳይሆን ጭዱ የሚቀቀልበት በርሜል ጥፋት ነው። ጭዱ በደንብ አልተቀቀለም። በደጋችን ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለጭድ ይበቃል፣ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብታቆዩት ሥራው ይሠራል። ሰው የሚሳሳተው የበርሜሉ አፍ ሲተን ስላየ መሃሉም ሞቋል ብሎ ነው። ቴርሞሜትሩን መሃል ጭዱ ውስጥ ክተቱት።

ከቀቀላችሁ በኋላ አንጠፍጥፉት። እፍኝ ጭድ ጨብጣችሁ ስትጨምቁ አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ደህና ነው። ከፈሰሰ ብዙ ነው፤ ጭዱ ይኮመጥጣል፣ ድሩም ይታፈናል። ሻጋታ የያዘውን ከረጢት እዚያው አትክፈቱት። ዱቄቱ ሌላውን ይበክላል። አውጥታችሁ ርቃችሁ ቅበሩት።

ክረምት ሲገባ ግድግዳው ተናደ

የሜዳችን ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ሜዳ ቆፍራችሁ ኋላ ልጠግነው አትበሉ፣ አይጠገንም። ቦታ ቀይሩ። ዳገት ፈልጋችሁ በጎን ግቡ፤ ውሃው በበሩ በኩል ይወርዳል፣ ከላይ በኩልም ቦይ ይዞረዋል። ጠንካራ ዳገት ካጣችሁ የመንዝን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አስቡት። በግማሽ ወደ መሬት ገብቶ በግማሽ ከላይ ቢሠራ ብርዱን በደንብ ይቋቋማል።

ጣሪያው ላይ አፈር ስትመልሱ ክብደቱን አስሉ። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ከ450 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲረጥብ ይጨምራል። ቀጭን የባሕር ዛፍ አጣና አይችለውም። ወፍራም ግንድ አቀራርባችሁ አጋድሙ፣ በላዩም ላስቲክ ዘርጉበት። ጣሪያው ሲያቃስት ከሰማችሁ ወይም ግንዱ መጉበጥ ከጀመረ፣ ከውስጥ ምሰሶ አቁሙና አፈሩን ቀንሱለት።

ጥቃቅን ዝንቦች

ትንኝ መሰል ጥቃቅን ዝንቦች ከረጢቱ ላይ ካንዣበቡ እንቁላላቸውን ጭዱ ውስጥ ጥለዋል። ትላቸው ድሩን ይበላል። በሁለቱም ቱቦ አፍ ላይ ሻሽ አጥፋችሁ እሰሩ። ያረጀውንና ፍሬ የጨረሰውን ከረጢት በዚያው ቀን አውጡ። መድኃኒት አትርጩ፤ ፍሬው ነገ ይበላል። ፍሬ ስትለቅሙም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ከደረሰ ኦይስተር የሚበንነው ዱቄት ሳንባ ያስቆጣል።