ያልተለመዱ ሜካኒካል የእጅ ሰዓቶችን እንዴት እንሰብስብ?

ከተለመደው አሠራር የወጡ ውድ ሜካኒካል ሰዓቶችን መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት ያለበት አዲሱ ሐሳብ በቀፎው ላይ ነው ወይስ በማሽኑ ውስጥ የሚለውን ነው። ቀፎው ብቻ እንግዳ የሆነ ሰዓት ዓይን እስኪለምደው ድረስ ነው የሚማርከው፤ ጊዜን የሚያሳይበት መንገድ የተለየ ሰዓት ግን በእኔ እምነት የስብስብ ሁሉ መሠረት ሊሆን ይገባዋል።

ፌሊክስ ባውምጋርትነርና ማርቲን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት የሰዓት አምራች ዑርቨርክ በ2003 ያወጣውን ዩአር-103 የተባለ ሰዓት እንመልከት። አራት ተሽከርካሪ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሦስት የሰዓት ቁጥሮችን ተሸክመው ይዞራሉ፤ ተራው የደረሰው ቁጥር ከዜሮ እስከ 60 በተከፋፈለው ቅስት ላይ በዝግታ እየተጓዘ ሰዓቱንም ደቂቃውንም በአንድ ጊዜ ያመለክታል፤ እሱ ከ60 ሲያልፍ ቀጣዩ ከዜሮ ይነሣል። ይህ ሐሳብ ጣሊያናውያኑ ሰዓት ሠሪዎች የካምፓኒ ወንድማማቾች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለሮማው ጳጳስ ለአሌክሳንደር 7ኛ ከሠሩት የሌሊት ሰዓት የሚወረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ ዩሊስ ናርደን የተባለው አምራች ፍሪክ ያለው ሰዓት ደግሞ ማሽኑ ራሱ እየዞረ ደቂቃን የሚያሳይ ሲሆን፣ የሚሞላው የጀርባ ክዳኑን፣ የሚስተካከለውም የፊት ቀለበቱን በማዞር ነው። እንዲህ ያለውን የትውልድ ሐረግ የሚያውቅ ሰብሳቢ የትኛው ሰዓት አዲስ መንገድ እንደከፈተ፣ የትኛውም ተከታይ እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥገና ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። አነስተኛ አምራቾች አንዳንድ ጊዜ በታወቀ መደበኛ ማሽን ላይ የራሳቸውን ተጨማሪ ክፍል ይገጥማሉ። መደበኛውን ማሽን ልምድ ያለው ሰዓት ሠሪ ሁሉ ሊያድሰው ይችላል፤ ተጨማሪው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ከአምራቹ በቀር የሚነካው የለም። ጊዜን በቀጭን ቱቦ ውስጥ በሚሄድ ፈሳሽ የሚያሳዩ ሰዓቶችን የሚሠራው ኤች ዋይ ቲ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2021 ከስሮ በሌሎች ባለቤቶች እጅ እንደገና መነሣቱን ያስታወሰ ገዢ፣ አምራቹ ቢዘጋ መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቃል።

ያገለገለ ሰዓት ሲገዛ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ የሰዓቱን ምት እያዳመጠ አካሄዱን በሚለካው መሣሪያ፣ በታይምግራፈር፣ መለካት አለበት። በተለመደ ማሽን፣ ሰዓቱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ፣ የሚዛን ጎማው (ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የማሽኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ጎማ) ውዝዋዜ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ ቢሆን ጤናማ ነው፤ ከ220 በታች ከወረደ እድሳት እንደሚያስፈልገው መገመት ይቻላል። ሆኖም መሣሪያው ትክክለኛውን ውጤት የሚሰጠው የዚያ ማሽን ሊፍት አንግል (በእያንዳንዱ ምት የሚዛን ጎማው እየተገፋ የሚዞርበት፣ ከማሽን ማሽን የሚለያይ የዲግሪ መጠን) በትክክል ሲገባለት ስለሆነ፣ ባልተለመደ ማሽን ላይ ቁጥሩን ከአምራቹ ሳይጠይቁ የተነበበ ውጤት አሳሳች ነው። የመለያ ቁጥሩ ከዋስትና ወረቀቱ ጋር መመሳሰሉ፣ ቀድሞ የተደረጉ እድሳቶችም በሰነድ መያዛቸው የግድ መረጋገጥ አለበት፤ በተለይ ቀፎው ተሞርዶ ከሆነ የመጀመሪያው ስል ጠርዝ ዳግመኛ አይመለስም።

ሰዓቱ እጅ ከገባ በኋላ ከጠንካራ ማግኔት ይራቅ። ሰዓት ከመስተካከሉ በፊትም መመሪያው ይነበብ፤ በአንዳንድ ማሽኖች ሰዓቱን ወደ ኋላ ማዞር፣ ወይም ቁጥሩ ሊቀየር ሲቃረብ ማስተካከል፣ ጥርሶችን ሊሰብር ይችላል።