የካምቦዲያን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በአንድ ሳምንት እንዴት መጎብኘት እንደሚቻል

ካምቦዲያ የሚደርስ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ሻንጣውን እንዳስቀመጠ የሚገሰግሰው ከቤተ መቅደሶቹ ሁሉ ታላቅ ወደሆነው ወደ አንግኮር ዋት ነው። ታላቁን አስቀድሞ ስላየ ከዚያ በኋላ የሚያገኛቸው ቤተ መቅደሶች ሁሉ አንሰው ይታዩታል፤ በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይም አንዱን ፍርስራሽ ከሌላው መለየት ይሳነዋል። እኔ የምመክረው ቀድሞ የተሠራውን ቀድሞ ማየትን ነው። የጥንቷ ካምቦዲያ ገዢዎች የነበሩት የክመር ነገሥታት ከ7ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሟቸውን ሕንፃዎች በተሠሩበት ቅደም ተከተል የሚጎበኝ ሰው፣ የጡብ ግንብ እንዴት ወደ ድንጋይ ተራራ እንዳደገ፣ የሂንዱ አማልክት ቤትም እንዴት የቡድሃ ማደሪያ እንደሆነ በዓይኑ ይረዳል። ለዚህም 7 ቀንና በጀርባ የሚታዘል አንድ ቦርሳ ይበቃሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከመነሳትዎ በፊት ይዘጋጁ

ደረቁና ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ በሚያዝያ ሙቀቱ እጅግ ይበረታል፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ አይለቅም። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን መያዝ አለበት፤ ካምቦዲያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ከሚመጡ መንገደኞች ይህን ማስረጃ ትጠይቃለች። ቪዛውን በመንግሥቱ ኦፊሴላዊ የኢንተርኔት ገጽ አስቀድሞ ማስጨረስ በድንበር ላይ ከመጉላላት ያድናል።

የአገሩ ገንዘብ ሪያል ቢሆንም የአሜሪካ ዶላር በየቦታው ይሠራል፤ ሆኖም የተቀደደ ወይም የተበላሸ ኖት ስለማይቀበሉ ንጹሑን መርጠው ይያዙ። በቦርሳው ውስጥ ቀለል ያሉ እጅጌ ያላቸው ሸሚዞች፣ ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና የእጅ ባትሪ ይኑሩ። ምርጡ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም፣ ዓሣ የማይበሉ ጿሚዎች የአትክልት ምግብ ሲያዝዙ እንኳ የዓሣ መረቅና ፕራሆክ የሚባለው የተብላላ ዓሣ እንዳይገባበት አጥብቀው ይንገሩ፤ ሁለቱም በክመር ወጥ ቤት እንደ ጨው የሚታዩ ናቸው።

2. ከፕኖም ፔን ይጀምሩ

የመጀመሪያውን ቀን በዚህች ዋና ከተማ ላለው ብሔራዊ ሙዚየም ይስጡ። ከየቤተ መቅደሱ የተሰበሰቡት ዋና ዋና ሐውልቶች ያሉት እዚህ ስለሆነ፣ በኋላ ባዶውን የድንጋይ ክፍል ሲያዩ በውስጡ ምን ቆሞ እንደነበር ማሰብ ይችላሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠውን የንጉሥ 7ኛው ጃያቫርማን ሐውልት ፈልገው ፊቱን በደንብ ይመልከቱ፤ በጉዞው መጨረሻ ላይ ይፈልጉታል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቱል ስሌንግ ይሂዱ። ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው ይህ ቦታ፣ ክመር ሩዥ የተባለው የኮሚኒስት ቡድን ከሚያዝያ 1975 እስከ ጥር 1979 አገሪቱን በገዛበት ዘመን እስር ቤትና የማሰቃያ ስፍራ ሆኖ ነበር። በ2025 ከሌሎች ሁለት የመታሰቢያ ስፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥንቱን ለማየት የመጣ ሰው ይህን ማለፍ ይችላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ቤተ መቅደሱን የሚያስጎበኝዎት፣ ባጃጁን የሚነዳልዎት ሰው ሁሉ የዚያ ዘመን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። በግቢው ውስጥ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ በፎቶግራፎቹ ፊት ቆመው ራስዎን ፎቶ አያንሱ።

3. በመንገድዎ ላይ ሳምቦር ፕሬይ ኩክን ይጎብኙ

ከቀትር በኋላ በአንግኮር አጠገብ ወዳለችው ከተማ ወደ ሲየም ሪያፕ በሚወስደው 6ኛው ብሔራዊ መንገድ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በመንገዱ አጋማሽ ገደማ በምትገኘው በካምፖንግ ቶም ከተማ ይደሩ። ሳምቦር ፕሬይ ኩክ ከከተማዋ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ኢሻናፑራ የምትባል ዋና ከተማ ነበረች፤ ከአንግኮር ዋት 500 ዓመት ያህል ትቀድማለች። ግንቦቹ ከጡብ የተሠሩ ሲሆኑ አንዳንዶቹ ስምንት ማዕዘን አላቸው፤ በግድግዳዎቹ ላይም በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ቤተ መንግሥቶች ተቀርጸዋል። ቦታው ጸጥ ያለ ደን ስለሆነ ሦስት ሰዓት ቢቆዩበት አይቆጭም።

እዚህም ሆነ በሌላ ሩቅ ስፍራ ከተረገጠው መንገድ አይውጡ። ከጦርነቱ የቀሩ ፈንጂዎች በገጠሩ ገና ተለቅመው አላለቁም።

4. ትኬቱን በማምሻው ይግዙ፣ ከሮሉዎስ ይነሱ

ሲየም ሪያፕ ከደረሱ በኋላ የጥንቱ የክመር ዋና ከተማ የአንግኮርን መግቢያ ትኬት ከኦፊሴላዊው የትኬት ቢሮ ይግዙ፤ ትኬቱ ላይ ፎቶዎ ስለሚታተም ከሌላ ሰው የተገዛ አይሠራም። የአንድ ቀኑ 37፣ የሦስት ቀኑ 62፣ የሰባት ቀኑ 72 ዶላር ነው። የሦስት ቀኑን እመርጣለሁ፤ በ10 ቀን ውስጥ በፈለጉት ሦስት ቀን ስለሚያገለግል መሐል ላይ ለማረፍ ያስችላል።

ቱክቱክ የሚሉት ባለ ተጎታች ሞተር ከእኛ ባጃጅ የሚለየው በቅርጹ እንጂ በሥራው አይደለም። ከነጂው ጋር የቀኑን ሙሉ ዋጋ፣ የሚሄዱባቸውን ስፍራዎች ሁሉ ዘርዝረው፣ ከመነሳትዎ በፊት ይስማሙ። መጀመሪያ ሮሉዎስ በሚባለው ስፍራ በ881 የተመረቀውን የባኮንግ ቤተ መቅደስ ይውጡ፤ በደረጃ ደረጃ የተደረደረው የድንጋይ ተራራ ለአንግኮር ዋት መነሻ የሆነው አሳብ ነው። ከዚያ ወደ ባንቴይ ስሬይ ይለፉ። ይህ በ967 የተመረቀ ትንሽ ቤተ መቅደስ ያሠራው ንጉሥ ሳይሆን የቤተ መንግሥት ሰው ነው፤ ሮዝማው የአሸዋ ድንጋይ እንደ እንጨት ተፈልፍሏል።

5. አሁን ወደ አንግኮር ዋት ይግቡ

አንግኮር ዋት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ንጉሥ ዳግማዊ ሱርያቫርማን ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ ያሠራው ሲሆን፣ ከብዙዎቹ ቤተ መቅደሶች በተለየ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ጸሐይ በግንቦቹ ጀርባ ስትወጣ ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ሰዉ ለቁርስ ሲመለስ እርስዎ ወደ ውስጥ ይዝለቁ።

በምዕራቡ በር ገብተው ወደ ቀኝ ይታጠፉ፤ ግድግዳውን በግራዎ አድርገው ይዙሩ። ታሪኩ የሚነበበው በዚህ አቅጣጫ ነው፦ መጀመሪያ በሂንዱ ጥንታዊ ትረካ የሚታወቀው የኩሩክሼትራ ጦርነት፣ ከዚያ የንጉሡ ሠራዊት ሰልፍ፣ ቀጥሎ ገነትና ሲኦል፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ አማልክትና አጋንንት እባብን እንደ ገመድ ይዘው የወተቱን ባሕር ሲንጡ 50 ሜትር ገደማ በሚሆን ግድግዳ ላይ ይታያሉ። በዚህ ፊት ይቀመጡ እንጂ አይለፉ። ወደ ላይኛው ደርብ ለመውጣት ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ ወይም ሻሽ ጣል ማድረግ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። በማግስቱ ይረፉ።

6. በ7ኛው ጃያቫርማን ይጨርሱ

የመጨረሻው ቀን በ1181 የነገሠው የዚህ ቡድሂስት ንጉሥ ነው። በላስታ ንጉሥ ላሊበላ ይኖር በነበረበት ዘመን እሱ ደግሞ አንግኮር ቶም የተባለችውን በግንብ የታጠረች ከተማ ይገነባ ነበር። በመሐሏ ባለው በባዮን ቤተ መቅደስ፣ ከየግንቡ በአራቱም አቅጣጫ የሚመለከቱትን ፈገግታ የተላበሱ ፊቶች በሙዚየሙ ካዩት ፊት ጋር ያነጻጽሩ፤ ብዙዎች የንጉሡን መልክ ያዩባቸዋል። የታችኛው ግድግዳ ግን ከአማልክት ይልቅ ሰውን ያሳያል፦ ዓሣ የምትሸጥ ሴት፣ ዶሮ የሚያዋጉ ወንዶች፣ ምጥ የያዛት እናት።

ከሰዓት በኋላ በ1186 ለእናቱ መታሰቢያ ባቆመው በታ ፕሮም ቤተ መቅደስ ይቆዩ። ዛፎቹ በጣሪያው ላይ በቅለው ሥሮቻቸውን በግድግዳው ላይ አፍስሰዋል፤ ድንጋዩን የሚደግፉትም የሚያፈርሱትም እነሱ ናቸው። ድንጋዩ ላይ አይውጡ፤ ሥሩንም አይደገፉ። በሩ በ11 ሰዓት ተኩል ማምሻ ላይ ይዘጋል። በማግስቱ በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ በ2023 የተከፈተው አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ መኪናውን ማታውኑ ይዘዙ።