እምነትን ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ እንዴት ማካፈል ይቻላል

ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሰው ክርስትናን የሚያውቀው በጾሙ፣ በዝክሩና በበዓሉ ነው። የሚጎድለው በየሳምንቱ የሚያየው ነገር ከክርስቶስ ጋር በምን እንደሚያያዝ የሚነግረው ሰው ነው። ሥራው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ የማርቆስን ወንጌል ያንብቡ። 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን ሁለት ሁለት ቢያነቡ በ8 ቀን ያልቃል። የሚያስቡለትን ሰውም በስሙ ይጸልዩለት።

ከዚያ ጥያቄ ይጠብቁ። ብዙ መጠበቅ አይኖርም፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ምሳ ላይ «ለምንድን ነው የምትጾመው?» የሚል አይጠፋም።

ከባዱ መልሱ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ደንብ መዘርዘር ስለሚጀምር ነው፦ ሥጋ አይበላም፣ ወተት አይጠጣም፣ እስከዚህ ሰዓት ይቆያል። ይህን ጠያቂው ያውቀዋል። ያላወቀው ምክንያቱን ነው። ረቡዕ ጌታን ለመያዝ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን ነው፤ የምንጾመውም ያንን እያሰብን ነው። ዐቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ ከ55ቱ ቀን 40ው ጌታ ራሱ በምድረ በዳ የጾመው ነው። እዚህ ላይ «ለእኔ ይህን ያደረገልኝን እያሰብኩ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩና ያቁሙ።

ማቆሙ ከመናገሩ ይበልጣል። መልሱ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ስብከት ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ምሳ ላይ ሲሰበክ ሁለተኛ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ በስልክዎ ድምፅዎን ቀድተው መልሰው ይስሙት። ድምፁ የቁጣ ወይም የትምህርት ቃና ካለው ከይዘቱ በፊት እሱን ያስተካክሉ። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥15 ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ እንዲዘጋጅ ያዘዘው ከየዋህነት ጋር ነው።

የማያውቁትን ከጠየቁዎት «ጠይቄ ልንገርህ» ይበሉና የንስሐ አባትዎን ጠይቀው በዚያው ሳምንት ይመለሱ። ካልተመለሱ ሰውየው ሌላም አይጠይቅዎትም።

ሙስሊም ጎረቤት ካለዎት ስለ እርስዎ እምነት ይናገሩ እንጂ የእሱን አያንሱ። ለቅሶ ቤት ላይ ደግሞ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ አብሮ መቀመጥ ይበቃል፤ ሐዘንተኛን መስበክ ጭካኔ ነው። እርዳታን ከእምነት ጋር ማያያዝም ፈጽሞ አይገባም፤ የተቸገረ ሰው «አምናለሁ» ቢልዎት ከእምነት ይሁን ከረሃብ አያውቁም።

ጥያቄው ከተደጋገመ ቡና ይጥሩት። በአቦልና በቶና መካከል ስለ አንድ አባትና ስለ ሁለት ልጆቹ የሚናገረውን ሉቃስ 15፥11-32ን ጮክ ብሎ ማንበብ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል። ካነበቡ በኋላ «አንተ ከሁለቱ ልጆች የትኛውን ትመስላለህ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳያቋርጡ ይስሙ።

ጊዜ ሲገኝ ጣና ሐይቅ ላይ በዘጌ አካባቢ ወዳሉት ገዳማት ይውሰዱት። እንግዳዎ ሴት ከሆነች ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል። ጫማ አውልቀው ይገባሉ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ስለሆነ ሁሉንም ላስረዳ ካሉ እንግዳው ይደክማል። ስቅለቱ ፊት ብቻ ይቁሙ፤ ያየውን ራሱ ይንገርዎት። ወደ ባሕር ዳር መመለሻው በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ያኔ ዝም ይበሉ፣ ጥያቄ ካለው ውሃው ላይ ይጠይቅዎታል።